ስለ ወጥ ቤት አያያዝ፤ ዕቃን ለይቶ በየቦታው ስለ ማኖር

በአምቦና በምዕራብ ሸዋ ከተሞችና ገጠሮች ለሚኖሩ እናቶችና ቤተሰቦች የተዘጋጀ ትምህርት



በዚህች ትንሽ ጽሑፍ የምናነሣው ጉዳይ የወጥ ቤት ጉዳይ ነው። ከቤቱ ክፍል ሁሉ ሥራ የሚበዛበት፣ ነገር ግን ከሁሉ ያነሰ የሚታሰብለት ወጥ ቤት ነው። እንግዳ የሚቀመጥበት ክፍል ይጠረጋል፤ ቄጠማም ይጎዘጎዝበታል። ወጥ ቤቱ ግን «ማን ያየዋል» ተብሎ ይተዋል። ያረጀው ጆንያ፣ እጀታው የወለቀው ድስት፣ የተሰነጠቀው እንስራ፣ ባዶው ጠርሙስ፣ የአባወራው የመድኃኒት መርጫ፣ የበሬው ቀምበር ሁሉ መጨረሻው ወደዚያ ነው።

እኛ ጤናን የምናስተምር ሰዎች ወጥ ቤት ስንገባ የምንፈልገው ውበቱን አይደለም። እሳት፣ ውሃ፣ እህልና ሕፃን በአንድ ጣሪያ ሥር የሚገናኙት በዚህ ክፍል ነው። ዕቃው በተደበላለቀበት ቤት ሕፃኑ እሳት ላይ ይወድቃል፤ ውሃው ይበከላል፤ እህሉን አይጥ ይበላዋል፤ ከሁሉ የከፋው ደግሞ ልጅ ውሃ መስሎት ላምባ ወይም መርዝ ይጠጣል። ስለዚህ የወጥ ቤት መዝረክረክ የዓይን ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሕይወት ጉዳይ ነው። ደግነቱ፣ ማስተካከሉ ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው አንድ ቀን፣ ጥቂት ጉልበትና የቤተሰቡን አንድ ሐሳብ መሆን ነው።

1ኛ/ መለየትን እናቶቻችን ያውቁታል

በጾም ወራት ቅቤ የነካውን ማማሰያ በሽሮ ውስጥ የምትከት የምትጾም እናት የለችም። የጾሙ ድስት ለብቻው፣ የፍስኩ ድስት ለብቻው ነው። በማይጾሙ ቤቶችም ቢሆን የወተት ዕቃ ከሌላው ዕቃ ጋር አይደባለቅም፤ በወይራ ይታጠናል፣ ለብቻው ይሰቀላል፣ ሌላ ነገር አይጨመርበትም። ይህንን ሐኪም አላዘዘውም፤ ሴት ልጅ ከእናቷ አይታ የተማረችው ነው።

እንግዲህ እኛ የምንለምናችሁ እንግዳ ነገር እንድትለምዱ አይደለም። ያንኑ የምታውቁትን መለየት በአራት ነገሮች ላይ እንድታውሉት ነው። እነርሱም፦

ሀ/ መርዙን ከምግቡ፤
ለ/ እሳቱን ከልጁ፤
ሐ/ የሚጠጣውን ውሃ ከሌላው ውሃ፤
መ/ እህሉን ከአይጥና ከእርጥበት መለየት ነው።

2ኛ/ አንድ ቀን መድቡ፤ ዕቃውን ሁሉ ወደ ደጅ አውጡ

ወጥ ቤት ውስጥ ቆሞ አንዱን ዕቃ ከወዲህ ወደዚያ ማሸጋሸግ ማስተካከል አይባልም። ዕቃው ሁሉ መውጣት አለበት። ለዚህ ፀሐይ የሞላበት ቀን ምረጡ። በጊንጪና በዙሪያው እንዳለው ባለ ጥቁር አፈር አገር በክረምት ጭቃው ከእግር ጋር ስለሚገባ ነገሩ አይመችም። ክረምቱ ሲያልፍ፣ እንቁጣጣሽና መስቀል ሲመጣ፣ ኢሬቻም ሲቃረብ ሰው ቤቱን ያጸዳልና ይህን ሥራ ከዚያው ጋር ማያያዝ ይቻላል። ከዚያም ወዲያ በዓመት ሁለት ጊዜ ብታደርጉት መልካም ነው።

በደጅ ሰሌን ወይም ጆንያ አንጥፉ። ዕቃውን አንድ ሳታስቀሩ አውጡ። ባዶ በሆነው ቤት የጣሪያውን ጥላሸትና የሸረሪት ድር አራግፉ፤ ግድግዳውን ጥረጉ፤ የአይጥ ቀዳዳ ካለ ድንጋይ ወትፋችሁ በጭቃ ምረጉት፤ ወለሉን ደልድሉ። ከዚያ የወጣውን ዕቃ በአራት ክምር ለዩ።

የመጀመሪያው ክምር በየቀኑ የሚያስፈልገው ነው፤ ምጣድና አክንባሎ፣ ሰፌድ፣ ቡሃቃ፣ ድስት፣ ጭልፋ፣ ማማሰያ፣ ቢላዋ፣ ጀበና፣ የመጠጫ ኩባያ። ይህ ወደ ወጥ ቤት ይመለሳል።

ሁለተኛው ክምር አልፎ አልፎ የሚያስፈልገው ነው፤ የጠላ ጋን፣ የድግስ ድስት፣ የእንግዳ ሳህንና ሲኒ። ይህ ታጥቦ፣ ደርቆና ተሸፍኖ ከእግር መንገድ ራቅ ብሎ በቆጥ ወይም በጓዳ ይቀመጣል።

ሦስተኛው ክምር ወጥ ቤት መግባት ያልነበረበት ነው፤ መርጫ፣ ፀረ ተባይ፣ የአይጥ መርዝ፣ ማዳበሪያ፣ ላምባ፣ ያረጀ የባትሪ ድንጋይ፣ የበሽተኛ መድኃኒት፣ ኮርቻና ቀምበር። ስለዚህ ክምር ወደ ታች በሰፊው እንናገራለን።

አራተኛው ክምር የተሰበረውና የማይሠራው ነው። እዚህ ላይ «አንድ ቀን ይጠቅም ይሆናል» የሚል ሐሳብ ይመጣል። ራሳችሁን እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ «ካለፈው መስቀል እስከ ዘንድሮው መስቀል ነክቼዋለሁ ወይ?» ካልነካችሁት ቦታ ይዞ አይጥና በረሮ ከማኖር በቀር ሥራ የለውም። የተሰነጠቀ ሸክላ በስንጥቁ እድፍ ስለሚይዝ ምግብ አይበጅበትም፤ ችግኝ ሊተከልበት ግን ይችላል። የብረትና የፕላስቲክ ስብርባሪ በከተማ ላላችሁ ቆራሌው በደጅ ሲጣራ ይሸጣል።

ምራት «እማማ፣ ይሄን ማሰሮ እንጣለው እንዴ?» ብላ ስትጠይቅ፣ አማት «ኧረ ተዪው ልጄ፣ የእናቴ እኮ ነው» የምትልበት ጊዜ አለ። በዚህ አትጣሉ። የአያት ዕቃ ማክበር ደግ ነገር ነው። ነገር ግን የተከበረ ዕቃ ከምድጃ ሥር እየተረገጠ አይኖርም፤ ታጥቦ ከበዓል ዕቃ ጋር ይቀመጥ።

3ኛ/ መርዙን ከምግቡ ስለ መለየት

ከአራቱ ሁሉ ይህ ይቀድማል፤ ስሕተቱ በአንድ ጉንጭ ብቻ ሰው ይገድላልና።

የአምቦ ማዕድን ውሃ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1930 ጀምሮ በጠርሙስ ሲሸጥ ኖሯል። ባዶ ጠርሙሱ በአገራችን የማይገኝበት ቤት የለም ማለት ይቻላል፤ ዘይት ይቀዳበታል፣ አረቄ ይቀዳበታል፣ ውሃ ይያዝበታል። ሰዎች «ሃይላንድ» የሚሉት የፕላስቲክ ጠርሙስም እንዲሁ። ጠርሙሱ ምንም አላጠፋም። ጥፋቱ የሚመጣው ላምባ፣ በረኪና ወይም ለአትክልት የሚረጭ መድኃኒት በዚያው ዓይነት ጠርሙስ ተቀድቶ ከዘይቱ አጠገብ ሲቀመጥ ነው። ሕፃን ጽሑፍ አያነብም፤ የሚያውቀው የጠርሙሱን ቅርጽ ነው። በጨለማ እጇን የምትሰድ እናትም የምታውቀው ያንኑ ነው።

ስለዚህ የሚከተለውን ሕግ አድርጉ።

መርዝ በመጠጥ ወይም በምግብ ዕቃ ፈጽሞ አይቀዳ። በመጣበት ዕቃ፣ ጽሑፉ እንዳለ፣ ክዳኑ ጠብቆ ይቀመጥ። ቦታውም ከወጥ ቤትና ከመኝታ ውጭ፣ ልጅ የማይደርስበት፣ የሚቆለፍ ሣጥን ይሁን። መድኃኒትም ቢሆን ከበርበሬና ከቅመም ጋር በአንድ መደርደሪያ አይቀመጥ።

የፀረ ተባይ ባዶ ዕቃ ለምንም ነገር አያገለግልም። በጉደር ወንዝ ዳር እንዳሉት በመስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለሙ ቤተሰቦች ይህንን በተለይ እንዲያስተውሉ እንለምናለን። በሳሙናም፣ በአመድም፣ በፈላ ውሃም ቢታጠብ መርዙ ከፕላስቲኩ ጨርሶ አይለቅም። ውሃ፣ ዘይት፣ ጠላ አይቀዳበትም። ተበስቶ ከጥቅም ውጭ ይሁን፤ አወጋገዱንም የግብርና ባለሙያውን ጠይቁ። በምድጃ አታቃጥሉት፤ ጭሱ ራሱ መርዝ ነውና።

ለነቀዝ ተብሎ በእህል ውስጥ የሚጨመረው ክኒን እጅግ አደገኛ ነው። የአየሩን እርጥበት ሲያገኝ የማይታይ መርዘኛ ትነት ያወጣል፤ እህሉ በተቀመጠበት ክፍል የተኛ ቤተሰብ ሌሊቱን ሊያልቅ ይችላል። ሰው በሚያድርበት ቤት ውስጥ አትጠቀሙበት። በሌላ መንገድ እህል መጠበቅ እንደሚቻል ወደ ታች እናሳያለን።

ልጅ ላምባ ቢጠጣ በጣት ጉሮሮውን ነክታችሁ አታስታውኩት። ላምባ ከሆድ ይልቅ ሳንባ ውስጥ ሲገባ ይገድላል፤ በማስታወክ ጊዜ ወደ ሳንባ ይገባል። «ወተት ያበርድለታል» ብላችሁም አታጠጡት። ልብሱን የነካው እንደሆነ አውልቃችሁ ገላውን በሳሙና እጠቡና የጠጣበትን ጠርሙስ ይዛችሁ ፈጥናችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ፀረ ተባይ የጠጣም እንደዚሁ ይደረግለት።

4ኛ/ እሳቱን ከልጁ ስለ መለየት

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይባላል። እውነት ነው፤ ወጥ አያጣፍጥም። ልጅን ከመቃጠል ግን ያድናል።

ጉልቻው በወለሉ መካከል ከሆነ የሚድኽ ሕፃን፣ የሚሯሯጥ ልጅ፣ የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ሁሉ በእሳቱ ዙሪያ ይመላለሳል። ምድጃውን ወደ ግድግዳ ጥግ አስጠጉት፤ የሣር ክዳን ከሆነ ግን ነበልባሉ እንዳይደርስበት ተጠንቀቁ። ቢቻል በድንጋይና በጭቃ እስከ ወገብ የሚደርስ መደብ ሠርታችሁ ከላዩ አድርጉት። የእናትም ወገብ ያርፋል። መደብ እስኪሠራ ድረስ በእሳቱ ዙሪያ አጥር የሚሆን እንጨት ይቁም። ከምድጃው እስከ በሩ ያለው መንገድ ባዶ ይሁን፤ የፈላ ውሃ ይዛ የምትሄድ ሴት በጆንያ ተደናቅፋ ብትወድቅ የሚቃጠለው አጠገቧ ያለው ልጅ ነው። የወረደ ትኩስ ድስት መሬት ላይ አይቀመጥ፤ እጀታውም ወደ መተላለፊያ አይዙር። ክብሪት ከፍ ባለ ቦታ ይሁን።

ልጅ ቢቃጠል ሊጥ፣ ቅቤ፣ ቡና፣ የጥርስ ሳሙና አትቀቡት። ቁስሉን ከማመርቀዝ በቀር አይረዱም። የተቃጠለውን ገላ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ እያፈሰሳችሁ ለ20 ደቂቃ አብርዱት፤ ውሃ የቋጠረውን አታፍርጡት፤ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ጭስም የእሳት ወገን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጅ አቆጣጠር በ2020 በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት በዓለም 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ገምቷል፤ ከእነዚህ ውስጥ ከ237,000 በላይ የሚሆኑት ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ናቸው። ጭስ የሕፃኑን ሳንባ ያደክምና የሳንባ ምች በቀላሉ እንዲይዘው ያደርጋል። በእናቲቱም ላይ ሳልና የዓይን ሕመም ያመጣል። መድኃኒቱ እንዲህ ነው፦ ከምድጃው በላይ ጭስ መውጫ መስኮት ክፈቱ፤ እንጨቱን ፈልጣችሁ አድርቁት፤ ሕፃን አዝላችሁ እንጀራ አትጋግሩ፤ ጥጃና ዶሮ ያሉበትን ስፍራ ከወጥ ቤት ለዩ። «ምርጥ» የሚባለው የእንጀራ ምድጃ እሳቱን ከልሎ ስለሚይዝ ከጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ግማሽ ያህል እንጨት ይቆጥባል፤ ጭሱንም ይቀንሳል። አቅም ያላችሁ በዚህ ላይ የምታወጡት ገንዘብ አይባክንም።

በከተማ በአንዲት የኪራይ ክፍል የምትኖሩ ሰዎች ደግሞ አንድ ነገር አስተውሉ። በብርድ ጊዜ የከሰል ምድጃ ወደ መኝታ አስገብቶ በር ዘግቶ መተኛት አይገባም። ከሰል ሲነድ ሽታና መልክ የሌለው መርዘኛ አየር ያወጣል፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። ከሰሉን በደጅ አቀጣጥሉ፤ በደጅም አጥፉ።

5ኛ/ የሚጠጣውን ውሃ ከሌላው ስለ መለየት

ከሁሉቃም ሆነ ከጉደር ወንዝ የተቀዳ ውሃ ጥርት ብሎ ቢታይም ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ከቧንቧ የተቀዳም በቤት ውስጥ አያያዙ ካልተስተካከለ ይበከላል። ሰው ሁሉ ኩባያውን እየነከረ የሚቀዳበት አፈ ሰፊ ባልዲ በእጅ እድፍ ይመረዛል።

ለመጠጥ አንድ ጄሪካን ለዩ፤ አፉ ጠባብ፣ ክዳን ያለው፣ ከዚህ በፊት ላምባ ወይም መድኃኒት ያልያዘ ይሁን። እጀታው ላይ ቀለም ያለው ክር እሰሩበት፤ ልጆቹ ሁሉ «ይህ የመጠጥ ነው» ብለው ይወቁት። በድንጋይ ወይም በእንጨት ላይ ከፍ አድርጋችሁ አኑሩት። ውሃው ይንቆርቆር እንጂ ኩባያ አይነከርበት። በሳምንት አንድ ጊዜ ጥቂት ውሃ፣ ሳሙናና ንጹሕ ጠጠር ጨምራችሁ አጥብቃችሁ እየናጣችሁ እጠቡት።

ውሃ ስታፈሉ ይህንን ዕወቁ። አምቦ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ከተማ ነው። በባሕር ዳርቻ አገር ውሃ በ100 ዲግሪ ሲፈላ በአምቦ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ባቄላና አተር በደጋ ለመብሰል የሚዘገዩትም በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ውሃው መንቀልቀል ከጀመረ በኋላ ለ3 ደቂቃ ሙሉ አቆዩት። ማገዶ የሚያጥራችሁ ከሆነ በመድኃኒት መደብር የሚገኘውን የውሃ ማከሚያ መጠቀም ይቻላል፤ ልኩ በዕቃው ላይ የተጻፈው ነው።

በወጥ ቤቱ በር አጠገብ የእጅ መታጠቢያ ይኑር። አንዲት ትንሽ ጄሪካን በእንጨት ላይ አንጠልጥላችሁ ሳሙና አስጠጉ፤ ሳሙና ከሌለ አመድ ያገለግላል። ሊጥ ከመንካት በፊት፣ ሕፃን ከማጉረስ በፊት፣ ከመጸዳጃ ቤት መልስና የሕፃን ዓይነ ምድር ከጠረጋችሁ በኋላ ታጠቡ።

6ኛ/ እህሉን ከአይጥና ከእርጥበት ስለ መለየት

አንድ ትልቅ አይጥ በቀን 25 ግራም ያህል ይበላል። በዓመት ሲታሰብ 9 ኪሎ ይሆናል። አሥር አይጥ ያለበት ቤት እንግዲህ ከአንድ ኩንታል ብዙ የማያንስ እህል ይቀልባል ማለት ነው። በሽንቱና በኩሱ የሚያበላሸው ደግሞ በዚህ አልተቆጠረም። አይጥን የሚያመጣው መዝረክረክ ነው፤ አሮጌ ጆንያና የተከመረ ኮባ ለአይጥ የተነጠፈ አልጋ ነው።

ጆንያውን በእንጨት ርብራብ ላይ ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ፣ ከግድግዳም አንድ ክንድ ራቅ አድርጉት። ከጀርባውና ከሥሩ መጥረግ ይቻል። የፈሰሰውን ፍሬ በዕለቱ ልቀሙ።

በቆሎ በሚበዛበት በባኮ ወገን አየሩ ሞቃት ስለሆነ ነቀዝና ሻጋታ ፈጥነው ይይዛሉ። እህሉ መድረቁን በቀላሉ መፈተን ይቻላል። ንጹሕ ደረቅ ጠርሙስ ውሰዱ፤ እህሉንና ጥቂት ደረቅ ጨው ጨምራችሁ ደጋግማችሁ ናጡት፤ 15 ደቂቃ ያህል አቆዩት። ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እህሉ ገና እርጥብ ነው፤ ወደ ፀሐይ ይመለስ። ካልተጣበቀ ወደ ጎተራ ይግባ። በሚገባ የደረቀውን እህል አየር በማያስገባ፣ በውስጡ ሁለት ድርብ ላስቲክ ባለው ጆንያ አጥብቃችሁ ብታስሩት ነቀዙ አየር አጥቶ ይሞታል፤ መርዝም አያስፈልግም።

የሻገተ በቆሎ፣ ለውዝና በርበሬ በማብሰል አይድንም፤ መርዙ እሳትን ይችላል፤ ጉበትንም ይጎዳል። ለሕፃን ገንፎ አይሁን፤ ለላምም አይሰጥ፤ መርዙ በወተቷ ይመለሳልና።

ጨውም ቦታ አለው። እንቅርትን የሚከላከለው አዮዲን ከጨዉ የሚጠፋው በሙቀትና በእርጥበት ነው። ስለዚህ ጨው ክዳን ባለው ዕቃ፣ ከምድጃ ርቆ ይቀመጥ፤ በወጥም የሚጨመረው ድስቱ ሊወጣ ሲል ይሁን።

7ኛ/ የቀረውን ዕቃ በቦታው ስለ ማኖር

አራቱ ከተለዩ የቀረው ቀላል ነው። በየቀኑ የሚነሣው ዕቃ ከወገብ እስከ ዓይን ባለው ከፍታ ይሁን። ከባዱ ከሥር፣ ቀላሉና በዓመት አንዴ የሚፈለገው ከላይ ይሁን። ሰፌድና ወንፊት በግድግዳ በችንካር ይሰቀሉ። ሽሮ፣ በርበሬና ቅመም ክዳን ባለው ዕቃ ይግቡ፤ የሚጨለፉበትም ማንኪያ ደረቅ ይሁን። ቢላዋ ልጅ በማይደርስበት ይሰካ። ሥጋ የተከተፈበት ጣውላ ሳይታጠብ ሽንኩርትና ቃሪያ አይከተፍበት። የተሠራ ወጥ ከተረፈ ተከድኖ ይቀመጥና ከመበላቱ በፊት እስኪንተከተክ ይሙቅ።

የታጠበ ዕቃ በቆሸሸ ጨርቅ ከሚወለወል ፀሐይ ቢያደርቀው ይሻላል። በደጅ አራት ባላ ተክላችሁ፣ ሸምበቆ ወይም ቀጭን እንጨት ረብርባችሁ የዕቃ ማድረቂያ ቆጥ ሥሩ። ውሻና ዶሮ እንዳይደርስበት ከፍ ይበል።

ቦታ ለጠበበባችሁ የከተማ ሰዎች አንድ የእንጨት ሣጥን በጎኑ ቆሞ መደርደሪያ ይሆናል፤ ሁለት ቢደራረብ ቁም ሣጥን ይሆናል። መጋረጃ ብታደርጉበት አቧራና ዝንብ ይከለክላል።

ጥራጊውን፣ የድንች ልጣጩንና እጣቢውን ከበሩ ፊት አትድፉት፤ ዝንብ ይጠራል። ከቤቱና ከውሃው ራቅ ያለ ጉድጓድ ተቆፍሮ በየቀኑ አፈር ይልበስ። የበረደ አመድ በክዳን ይጠራቀም፤ ለመጸዳጃ ጉድጓድ መጨመሪያ ይሆናል።

8ኛ/ ሥራው የእናት ብቻ አይደለም

ይህ ሁሉ በአንዲት ሴት ጫንቃ ላይ ከወደቀ በሁለት ሳምንት ይፈርሳል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። አባት መርዙን ቆልፎ ያስቀምጥ፣ ቆጡንና መደቡን ይሥራ። ወንድ ልጅም እንደ እኅቱ ዕቃ ወደ ቦታው ይመልስ፤ ውሃ ይቅዳ። ማታ ከመተኛት በፊት ሩብ ሰዓት ብቻ ስጡት፤ እሳቱ መዳፈኑን፣ ውሃው መከደኑን፣ ጆንያው መታሰሩን ተመልከቱ። ሕጉ አንድ ነው፤ የወሰደ ይመልስ።

የቤት ንጽሕና ትምህርት በአገራችን ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲቋቋም ከጤና መኮንኖችና ከነርሶች ጋር የአካባቢ ጤና አጠባበቅ ሠራተኞችንም የሚያሠለጥነው፣ በሽታ ከሐኪም ቤት በፊት በቤት መከልከል ይችላል በሚል ሐሳብ ነበር። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራም የጤና ሠራተኛዋን እስከ ቤታችሁ ደጃፍ አድርሷታል። ስትመጣ ወጥ ቤቱን አሳዩአት፤ «ተዝረክርኳል» ብላችሁ አትፈሩ። የምትመጣው ልትነቅፍ ሳይሆን ልትረዳ ነው።

ለማስታወስ የሚረዱ ጥያቄዎች

ልጃችሁ ማንበብ የሚችል ከሆነ ጮክ ብሎ ያንብብላችሁና በአንድነት መልሱ።

1. በቤታችን ላምባ ወይም መርዝ በመጠጥ ጠርሙስ ተቀድቷልን? የት ነው ያለው?
2. የሚድኽ ልጅ ከምድጃችን እንዳይደርስ የሚከለክለው ምንድን ነው?
3. ልጅ ላምባ ቢጠጣ የማይደረገው ምንድን ነው?
4. የመጠጥ ውሃችን ጄሪካን ምልክቱ ምንድን ነው? በአምቦ አካባቢ ውሃ ስንት ደቂቃ መፍላት አለበት?
5. እህላችን መድረቁን በጨው እንዴት እንፈትናለን?
6. ካለፈው መስቀል ወዲህ ያልነካነው ዕቃ የትኛው ነው?

እናቶች ሆይ፤ ሁሉንም በአንድ ቀን መፈጸም ባይቻላችሁ አትዘኑ። ግን አንዱን ለነገ አታሳድሩት፤ መርዙን ዛሬ ከወጥ ቤት አውጡ። ምድጃው በሚቀጥለው ሳምንት፣ ቆጡ በሚቀጥለው ወር ይደርሳል። የጾሙን ከፍስኩ፣ ወተቱን ከሌላው ለይታችሁ የኖራችሁ እናንተ ይህን ማድረግ አያቅታችሁም።

ቤታችሁን ጤና ይሙላው፤ ልጆቻችሁንም ለወግ ለማዕረግ ያብቃላችሁ።